ማክሰኞ ከሰዓት የሰማሁት ሸክላ

ስለ ሙታን መመለስ ወሬ ሲነሳ ከጠረጴዛው ቀድሜ የምነሳው እኔ ነበርኩ። ያደግሁት ወንጌል በሚሰበክበት ቤት ነው፣ አባቴ የሞተ ሰው ወደ ጌታው ይሄዳል እንጂ ተመልሶ በር አያንኳኳም እያለ ነው ያሳደገን፣ እዚህ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ከመጣሁም በኋላ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሌሊት ሌሊት ዘጠኝ ዓመት ስሠራ የስንቱን ዓይን በእጄ ከድኛለሁ፣ ስንቱን አጥቤ አንሶላ አልብሻለሁ፣ አንዱም ሲመለስ አላየሁም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ትናንት የሞተችው ሴትዮ ክፍል የጥሪ መብራቱ በራሱ በራ ብለው ሲንጫጩ «ሽቦው ነው፣ ጥገና ጥሩ» ብዬ አልፋቸው ነበር። እመኑኝ፣ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እሱንም ጥገና ጥራ ነበር የምለው።

ግን በእኔ ላይ ሆነ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ መስኮት ጋ ሄጄ መቆም አለብኝ፣ ስለዚህ ከዚህም ከዚያም ብረግጥ ታገሡኝ።

ባለቤቴ ሙሉጌታ ይባል ነበር። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ መግቢያ ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለመኪና ትኬት ይሰጥ ነበር፣ እሱ የቀን ሠራተኛ እኔ የሌሊት ስለሆንን ቻምበርስ ሮድ ያለችው አፓርታማችን ውስጥ አንዳችን ስንገባ አንዳችን ስንወጣ ነው የኖርነው፣ ልጅም አልወለድንም። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ቀን ትዝ አይለኝም። በዕድሜው አንድ እብደት ብቻ ነበረው፣ እሱም አንዲት ትንሽ ሸክላ ናት።

ሲንግል የሚሏት ዓይነት ናት፣ በአንድ ፊቷ አንድ ዘፈን ብቻ ያለባት። የዘፈነው ብቻውን የሚዘፍን አንድ እንግሊዛዊ ነው፣ የድሮ አሜሪካኖች ሮካቢሊ ይሉት የነበረውን ስልት ብዙ ዓመት ቆይቶ እሱ እንደገና አንስቶ የተጫወተው ነው አሉ፣ ሽፋኑ ላይ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ ከግንባሩ በላይ እንደ ማዕበል ያቆመ ቀጭን ልጅ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ሙሉጌታ ካርቱም በስደት ሳለ እንግሊዝኛ ያስተምራቸው የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሰጠው፣ ማጫወቻ ግን አልሰጠውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማጫወቻ የሌለው ሰው ሸክላዋን በሁለት ካርቶን መሃል አስሮ፣ ልብሱን እየሸጠ እሷን ሳይሸጥ፣ እዚህ ድረስ ይዟት መጣ። ዴንቨር ገብቶ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የገዛው አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ነው፣ ካፖርት አልነበረውም፣ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ።

ዘፈኑን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ባሱን በመዳፍ የሚጠፈጥፉት ይመስላል፣ ጊታሩ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ያስተጋባል፣ ሰውየው ደግሞ ቃሉን መሃሉ ላይ እየቆረጠ ነው የሚዘፍነው። ወደ መጨረሻው አንድ ቦታ አለ፣ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል፣ ሰውየው ብቻውን አንድ ስንኝ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ዘለው ይገባሉ። ሙሉጌታ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ያለውን ሁሉ ትቶ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ ይጠብቃል፣ ሲገቡ ጣቱን ያወርዳል፣ ሁልጊዜ።

«ሙሌ፣ ይሄ ሰውዬ ስቅታ ይዞት ነው እንዴ የሚዘፍነው?» እለው ነበር።

«ስቅታ አይደለም፣ ስልት ነው። አንቺ እዚህ ቤት ስልት የሚያውቅ ሰው መኖሩን መች አወቅሽ!»

«እኔ የማውቀው ዓለማዊ መሆኑን ነው።»

«ጸዲዬ፣ ሰውየው አውቶቡስ ስላመለጣት ልጅ ነው የሚያወራው። አውቶቡስ ማምለጡ የማን ኃጢአት ነው?»

መጀመሪያ እንዲህ በቀልድ ነበር። በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ቡድን አስተባባሪ ስሆን ግን ቀልዱ አለቀብኝ፣ እኛ ጴንጤዎች ቤት ዘፈን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ መዝሙር እየተዘመረበት ያለ ቤት ውስጥ ዘፈን ተቀምጦ አይገኝም። አንድ ቅዳሜ እህቶች ለጸሎት ሲገቡ ሸክላዋ እየዞረች ደረሱ፣ ማንም ምንም አላለም፣ አለማለታቸው ነው ያቃጠለኝ። በዚያ ሳምንት «ወይ እሷ ወይ እኔ» ዓይነት ነገር ተናገርኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «ሰጠኋት» አለኝ። «ተባረክ» አልኩት። ለማን እንደሰጣት አልጠየቅሁም፣ ማጫወቻውንም ቁም ሳጥን ላይ ወረወርነው፣ ሁለት ዓመት እንደዚያ አለፈ።

ያ ማክሰኞ መጋቢት ውስጥ ነው፣ በረዶ ይጥላል። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባሁ፣ ሙሉጌታ ቀድሞ ወጥቷል፣ የሻይ ኩባያው እቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። እንደ ልማዴ ሞባይሌን አጥፍቼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ። ሌሊት የሠራ ሰው የቀን እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ነው፣ ቤቱ ቢፈርስ አልነቃም።

ያነቃኝ ዘፈኑ ነው።

ሰዓቱን አየሁት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አለፍ ብሏል። መጀመሪያ ህልም መሰለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ፣ ባሱ ግድግዳው ውስጥ ይመታል፣ ጊታሩም አለ፣ ከዘፈኑ ጋር ደግሞ የሚወርድ ውኃ ይሰማኛል። ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቷል፣ ከሥሩ የብርሃን መስመር ይታያል። ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ሻወር ገብቷል አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል? ፍርሃት የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም፣ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው። ሰጠኋት ብሎኝ ደብቋት ኖሯል፣ እኔ ስተኛ ከነማጫወቻው ሻወር ቤት ይዟት ይገባል ማለት ነው!

በዚህ መሃል የቤቱ ስልክ ጮኸ። አስቴር ናት፣ የጸሎት ቡድናችን አባልና ከእህት የማትለይ ጓደኛዬ፣ አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ።

«ሃሎ፣ ጸዲ? ተኝተሽ ነው?»

«የት ተኝቼ! ሙሌ ሸክላውን ከፍቶ ቀሰቀሰኝ።»

በእሷ በኩል በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ሃሎ? አስቱ?»

«ማን… ማን ከፍቶ አልሽኝ?»

«ማን ይሆናል፣ ባሌ ነዋ! ሥራውን ጥሎ መጥቶ ሻወር ውስጥ ገብቷል። አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል» አለች።

«ቆይ እንዳትዘጊው፣ ልክ ልኩን ልንገረውና መጣሁ።» ስልኩን ሳልዘጋ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለው የጫማ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩትና በሩን በቡጢ መታሁ።

«አንተ! ሰጠኋት አላልከኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዋሸኝ ኖርክ? ውሸታም! አጥፋው!»

ዘፈኑ ቀጠለ። እጀታውን ይዤ ገፋሁ፣ እምቢ አለ። የበሩ መቆለፊያ ከተበላሸ አንድ ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ከውስጥ በሩን ይዞብኛል ማለት ነው፣ ይህ የቆየ ጨዋታው ነው፣ ሳፌዝበት እንዲህ ያደርገኝ ነበር። እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ፣ እጄ ላይ የተሰማኝ የብረት ቁልፍ አይደለም። ቁልፍ ይይዛል ወይ አይይዝም፣ ክንድ ግን ስትገፉት ትንሽ ይሸነፍላችኋል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋችኋል። እኔን መልሶ ገፋኝ። ሰው በመግፋት ነው የምኖረው፣ በሽተኛ ሳገላብጥና ሳነሳ ነው የማድረው፣ ክንድ አውቃለሁ።

«እየተጫወትኩ አይደለም! አጥፋው አልኩህ እኮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ደጋግሜ ጮህኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማኝ።

ያን ጊዜ ዘፈኑ ያቺ ቦታ ላይ ደርሷል። መሣሪያው ሁሉ ዝም አለ፣ ሰውየው ብቻውን ስንኙን አለ፣ እኔም ሳላውቀው ሌሎቹ እስኪገቡ መጠበቅ ጀመርኩ። አልገቡም። ውኃውም አብሮ ቆመ። በሩ ላይ ጆሮዬን ብለጥፍ ምንም የለም።

ስልኩን አነሳሁ። አስቴር ሮጣ የመጣች ይመስል ትተነፍሳለች። «ጸዲ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው። እኔም እልኼን ይዤ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ፣ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብዬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተኛሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ስነቃ አመሻሽ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ገንዳው ደረቅ ነው፣ ምንጣፉ ደረቅ ነው፣ ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ፎጣው ጠዋት እኔ ባጠፍኩት አኳኋን እንደታጠፈ ነው። ማጫወቻው ከቁም ሳጥኑ ላይ አልወረደም፣ አቧራው እንኳን አልተነካም። እዚህ ጋ ልደነግጥ ይገባኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ግን ያሰብኩት ተቀይሞ ሁሉን ጠርጎ ወጣ ብዬ ነው፣ በዕድሜው አንድ ቀን ገንዳ አድርቆ የማያውቅ ሰው።

ወዲያው አስቴር መጣች፣ የሌሊት ልብሷን በቦርሳ ይዛ። በረዶው ስለከበደ ሙሉጌታን ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ አስገብተውታል፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ማደር ስላስጠላኝ አንቺ ጋ ላድር አለችኝ። የእኔም የዕረፍት ሌሊት ነበር።

«ለአንቺ ነው እንዴ የደወለው?» አልኳት።

«ለጋሽ ተክሌ ነው፣ ጋሽ ተክሌ ነገረኝ።» ጋሽ ተክሌ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

«ይደውላላ! እኔን በምን ዓይኑ ያየኛል። ያን ሁሉ ጩኸት ሰማሽ አይደል? ሳይናገረኝ ወጥቶ ሄደ እኮ።»

አስቴር የመታጠቢያ ቤቱን በር ነበር የምታየው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅታ ስትጸልይ ሰማኋት፣ ወደዚያ ለመግባት ስትፈራም አየሁ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ፊቷን እዚያ ታጠበች።

ሊነጋጋ ሲል የመኪና ድምፅ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። የማውቃት የጋሽ ተክሌ መኪና መጥታ በረዶው ላይ ቆመች፣ መብራቷን አጠፋች፣ ማንም አልወረደም። ቀጥላ ሌላ የማውቃት መኪና መጣች፣ እሷም መብራቷን አጠፋች። ሦስተኛ። አራተኛ። ሁሉም ውስጥ ሰው አለ፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው። እኔ ራሴ ስንት ቤት እንዲህ ሄጃለሁ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሌሎች እስኪሟሉ ጠብቄያለሁ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው የሚረዳው። ሰው ላይ ሳደርገው የኖርኩትን በእኔ ላይ ሲደረግ ቀኑን ሙሉ አላየሁትም። ዞር ስል አስቴር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

ሙሉጌታ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ልቡ ነው አሉ፣ ያቺ የመስታወት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ። እኔ ቀን ስተኛ ስልክ ስለማልሰማ ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብሎ ያስመዘገበው ጋሽ ተክሌን ነበር፣ ሆስፒታል ሄደው አስከሬኑን ያዩት እሳቸው ናቸው፣ ሌሊት ሠርታ ገብታለች፣ ትተኛ፣ ነገ ማልደን እናረዳታለን ብለው የወሰኑትም እሳቸው። ሸክላው ሲቀሰቅሰኝ ባሌ ከሞተ አምስት ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። አስቴርም ስትደውልልኝ ታውቅ ነበር፣ የደወለችው ከሌላ ሰው ሰምቼ እንደሆነ ለማጣራት ነው።

ልቅሶው ሲቀዘቅዝ ጋሽ ተክሌ ራሳቸው ነገሩኝ። «አስቴር ደውላ ሙሉጌታ ቤቱ ነው፣ ሻወር ውስጥ ነው ስትለኝ፣ ልጄ፣ ተሳስቼ የሰው ሰው አይቼ ይሆን ብዬ ተመልሼ ሆስፒታል ሄድኩ። ገልጠው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። እጁን ያዝኩት።»

«እሱ ነበር?»

«እሱ ነበር። በርዶ ነበር።»

ቀብሩ ላይ ሮይ የሚባል ከእሱ ጋር የሚሠራ ሽማግሌ አሜሪካዊ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረበኝና ሸክላዋን ልመልስልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቷን አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የመስታወቷ ክፍል ግድግዳ ላይ ከነሽፋኗ በቴፕ ተለጥፋ እንደኖረች ነገረኝ። ሙሉጌታ ለሮይ ሰጥቷታል፣ ሮይም ማጫወቻ ስለሌለው እዚያው ሰቀላት። «ለምን ቤትህ ወስደህ አትሰማትም ስለው፣ ለሚስቴ ቃል ገብቻለሁ ይለኝ ነበር» አለኝ። ሲሞትም ከራሱ በላይ ነበረች። እንግዲህ አልዋሸኝም። ውሸታም ያልኩት ሰው አንድም ቀን አልዋሸኝም።

ከዚያ በኋላ ያስጨነቀኝ ሸክላው እንዴት ተሰማ የሚለው አይደለም፣ ይህን ትቼዋለሁ። ያስጨነቀኝ፣ እሱ ከነበረ ሰምቶኛል ወይ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ትዳር የመጨረሻው ቃሌ ውሸታምና አጥፋው ከሆነ፣ ሰምቶት ነው የሄደው? ፓስተራችንን ጠየቅኋቸው። አሳች መንፈስ ነው፣ የምትወጂውን ሰው መስሎ ነው የመጣብሽ አሉኝ። አሳች መንፈስ ሙሌ በር እንዴት እንደሚይዝ በምን አወቀ አልኳቸው። «እንጸልይ» አሉ። ጸለይን። ምንም አልቀለለኝም።

ሦስት ዓመት አለፈ። አስቴር ወደ ሌላ ስቴት ለመዛወር ስትነሳ አየር ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ሻንጣዋን ካወረድን በኋላ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ጸዲ፣ ያን ቀን ስልኩን እንዳትዘጊው ብለሽ አስቀመጥሽው።»

«አዎ።»

«አልዘጋሁትም። ሁሉን ሰምቻለሁ።»

«ጩኸቴን ነው?»

«ያንቺን ብቻ አይደለም። አንቺ ስትጮሂ ይመልስልሽ ነበር። ጩኸትሽ ነው እንዳትሰሚው ያደረገሽ።»

«ምን ብሎ?»

«ተይኝ፣ ጸዲ።»

«አስቴር፣ በጌታ!»

«‹ትንሽ ናት የቀረችው፣ ጸዲዬ፣ ልጨርሳት› ነው የሚልሽ የነበረው። ሦስት ጊዜ አለሽ።»

«ተቆጥቶ ነው?»

«አልተቆጣም» አለች። «ይለምንሽ ነበር።»

ጉንጬን ስማኝ ወረደች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪው መጥቶ መስኮቴን እስኪመታ።

አስቴር ከራሷ አትፈጥርም፣ ይህን አውቃለሁ፣ ብትፈጥር ደግሞ እኔን የሚያጽናና ነገር ትፈጥር ነበር። አሁን ወደ ቀን ሺፍት ተዛውሬያለሁ፣ ብዙውን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቤት አልገኝም። የዕረፍት ቀኔ ሲሆን ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ፣ ስልኩን እነቅላለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። እስከ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ቢጀምር ቃል ሳልናገር እስከ መጨረሻው እንደማስጨርሰው ለራሴ ምያለሁ፣ ይህን እችላለሁ ብዬም አምናለሁ። የሚያስፈራኝ ጨርሶ በሩን ከፍቶ ቢወጣስ የሚለው ነው፣ እሱን ሳስበው ከወንበሩ እነሳለሁ።